ትየርኪዲ ያለው ቁልፍ

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

ዛሬም በባጃጅ ሄድኩ። መኪናችን ማንጎው ሥር ቆማ፣ ቁልፏ ቦርሳዬ ውስጥ ሆኖ፣ እኔ በባጃጅ... ለምን ቢሉ ቁልፉ ትየርኪዲ ነዋ። ማለቴ፣ ለሰው የምለው እንደዚያ ነው። "ከተማ ይዞት ሄዷል።" ከተማ ባሌ ነው፤ የሚሠራው ትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ነው። ሰኞ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ይሄዳል፣ ዓርብ ይመለሳል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ በተራው "ቁልፉ አልማዜ ጋ ነው፣ ገበያ ወጥታለች" ይላል። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ።

የዛሬው ጠያቂ ዳይሬክተራችን ጋሽ ያዕቆብ ነበሩ። አማታቸውን ከአቦቦ ሊያመጡ።

"አንድ ቀን ብቻ፣ አልማዜ።"

"ውይ ጋሽ ያዕቆብ፣ ቁልፉ እኮ..."

"ትየርኪዲ።" ራሳቸው ጨረሱልኝ።

ክፉ ሰው ነኝ? አይመስለኝም። መስከረም ላይ ለአንድ ለቅሶ ብለን አውሰን፣ ሁለት ፍየል የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው መጡ። ወንበሩ እስከ ዛሬ ይመሰክራል።

ዓርብ፣ የካቲት 13

ከተማ ገባ። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፣ "ተጨማሪ ቁልፍ እናስቀርጽ።" የአንድ ባልደረባው ቁልፍ ባሮ ወንዝ ውስጥ ወድቆ፣ መኪናው ተጭኖ ጅማ ሄደ አሉ።

"ሁለት ቁልፍ ካለን ምን ብለን ነው የምንከለክለው?"

"ሁለት እንዳለን ማን ያውቃል?"

"ጋምቤላ ውስጥ? አንተ እዚህ ስታስነጥስ ባሮ ማዶ ይማርህ ይሉሃል እኮ።"

ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። "ቆይ፣ መኪና የገዛነው ልንነዳት ነው ወይስ ልንከለክላት?"

እራት ላቅርብ ብዬ ተነሳሁ። ደህና ጥያቄ ሲመጣብኝ ሁሌ እራት አቀርባለሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 16

ኒውላንድ ሰፈር፣ ቁልፍ ቀራጩ ጆክ ጋ ሄድኩ። እስቲ ዋጋውን ልወቅ ብዬ ብቻ...

ቁልፉን አገላበጠው። "ቺፕ አለው፣ ቲቸር።" ዋጋውን ነገረኝ። ወንበር ለመንኩት።

"ይሄ እኮ አንዱ በእጅሽ ስላለ ነው። እሱም ከጠፋ መኪናዋ በጭነት ወደ ጅማ ነው።"

"እና ምን ትመክረኛለህ?"

"እኔን ነው የምትጠይቂው? ቁልፍ ሻጩን?"

አላስቀረጽኩም። ውድ ነው አልኩ ለራሴ። እውነት ውድ ነው? ነው። ግን በዋጋው ነው የተውኩት? ... ዝም ብዬ ልተኛ።

ሐሙስ፣ የካቲት 19

አርባ ሁለት ዲግሪ። መብራት የለም። ሲመሻሽ አላስችል አለኝ፣ መኪናዋ ውስጥ ገብቼ ኤሲውን ለቀቅሁና ፈተና ማረም ጀመርኩ። ገነት።

ጎረቤቴ አኬሎ በአጥሩ ወዲያ ልብስ ታሰጣ ነበር። እጇን ያነሳች መሰለኝ። ለሰላምታ ነው ወይስ ልብስ እየሰቀለች? ብቻ አጎነበስኩ። አርባ ዓመት የሞላኝ ሴት በገዛ መኪናዬ ተደበቅሁ።

አምና ወባ ሲጥለኝ፣ ከተማም በሌለበት፣ ፎጣ እያራሰች ግንባሬ ላይ ስታደርግ የከረመችው አኬሎ ናት። ባሏ ኦባንግ የመሥሪያ ቤት ሹፌር ነው፣ የራሳቸው መኪና የላቸውም። አንድ ቀን እንኳ መኪና ጠይቃኝ አታውቅም። እሱ ነው የሚከነክነኝ። ብትጠይቀኝ ከልክያት እገላገል ነበር።

ዓርብ፣ የካቲት 20

ጠየቀችኝ።

እሁድ የቤተ ክርስቲያናቸው ሴቶች ጉባኤ አለ፣ እንግዶች ከየወረዳው ይመጣሉ፣ ምግቡ የእሷ ኃላፊነት ነው። አሳው ነገ ከባሮ ዳር መምጣት አለበት። ኦባንግ ደግሞ ፊልድ ወጥቷል። "ከቻልሽ ነው፣ አልማዜ። ካልቻልሽም ችግር የለም።"

ከተማ "ቁልፉ..." ብሎ ሊጀምር ሲል፣ "እሺ፣ ራሴ እወስድሻለሁ" አልኩ። ሁለቱም ዞረው አዩኝ። እኔም ገርሞኛል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 21

ጉድ ነው የሆንኩት። ከየት ልጀምር...

አሳው አንዱ ብቻ የልጅ ቁመት ያክላል። ሁለት ጆንያ ሙሉ ኋላ ጭነን መጣን። በራቸው ላይ አቆምኩና አኬሎ ሴቶቹን ልትጠራ ገባች። እኔ የኋላውን ከፍቼ፣ የሰፈር ልጆች እንዳይገቡ የጎን በሮቹን በሪሞት ቆለፍኩ። ጆንያውን ልጎትት ስል እጄ ተዝለገለገ፤ ቁልፉን አሳው አጠገብ አስቀመጥኩት። ዝንቡ ሲበዛብኝ ለጊዜው ልዝጋው አልኩና የኋላውን ደፋሁት።

ቋ አለ። ቁልፉ ውስጥ።

ሴቶቹ መጡ፣ ከተማም ከቤት ወጣ። ነገርኳቸው። አኬሎ ምንም አልደነገጠችም።

"ታዲያ ሌላውን አምጪዋ።"

"የቱን ሌላ?"

"ትየርኪዲ የሚሄደውን። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ከተማ ይዞት መጥቷል።"

ሴቶቹ ወደ ከተማ ዞሩ። ከተማ ወደ እኔ ዞረ። እኔ የምዞርበት ስላልነበረኝ ወደ አሳው ዞርኩ።

ሐሙስ ለት ለካ አይታኛለች። ቁልፉ ትየርኪዲ ነው ብያለሁ፣ እኔ ደግሞ ኤሲ ከፍቼ ተቀምጫለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ውሸታም ይለኝ ነበር። አኬሎ ግን ሁለት ቁልፍ አላቸው ብላ አመነች።

"አኬሎ... ሌላ የለም። አንድ ነው።"

"አንድ?"

"አንድ።"

"ትየርኪዲ የነበረውስ?"

ስልኬን አወጣሁ።

ጆክ ጋ ደወልን። ቅዳሜ ሰንበቱ ነው፣ ስልኩ ዝግ። ከተማ ሽቦ አጥፎ በመስኮቱ ጠርዝ ሊያስገባ ታገለ፣ ላብ በላብ ሆነ እንጂ ምንም። ፀሐዩ ደግሞ አናት ይበሳል። አንዷ ሴትዮ "እንጨት መልቀም አያስፈልገንም፣ እዚያው ይበስላል" አለች። አኬሎ ስላልሳቀች ማንም አልሳቀም። አሳዋን በመስታወቱ ታያለች። የነገ እንግዶቿን የምታበላው ያንን ነው።

ገብቼ ዘነዘናውን አመጣሁ።

"አልማዜ፣ መስታወቱ እኮ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው" አለ ከተማ።

"ይምጣ።"

የኋላዋን ትንሿን መስታወት መታሁ። አልተሰበረም። ደገምኩ። ሲሰበር ሴቶቹ እልል አሉ፣ ከተማ ዓይኑን ጨፈነ።

አሳው ተረፈ። ውሃው ግን ምንጣፉ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። አኬሎ ጆንያዋን አነሳችና "አመሰግናለሁ፣ ቲቸር" አለችኝ።

ቲቸር። እስከ ትናንት አልማዜ ነበርኩ።

ሰኞ፣ የካቲት 23

ከእንግዲህ ምን እደብቃለሁ ብዬ በመኪናዬ ሄድኩ፣ መስታወቷን በፌስታል ሸፍኜ። ሽታው... በሁዳዴ፣ ከአሳ መኪና የምትወርድ ጾመኛ። መምህራን ክፍል ስገባ ሁሉም አፍንጫውን ያዘ። ግማሹ "አሳ በጾም ይበላል፣ ምን አለበት" አለ፣ ግማሹ "አይበላም" አለ። እኔ አልበላሁም ስል የሚሰማኝ ጠፋ፣ ሲከራከሩ ረፍቱ አለቀ።

ጋሽ ያዕቆብ አንገታቸውን ወደ መኪናዋ አስገብተው ወዲያው መለሱት። "አማቴ በሚኒባስ ቢመጡ ይሻላል።"

ረቡዕ፣ የካቲት 25

መኪና የሚጠይቀን ሰው ጠፋ። ስፈልገው የኖርኩት ይኸው መጣ። ታዲያ ምነው አልጣመኝ?

"ደህና አደርሽ፣ ቲቸር" ትለኛለች በአጥሩ። በየቀኑ። በጨዋነት።

ዓርብ፣ የካቲት 27

ጆክ ጋ ሄጄ አስቀረጽኩ። የዛሬ አሥራ አንድ ቀን ወንበር ያስለመነኝን ዋጋ ቆሜ ከፈልኩ።

"ይሄኛውን ማን ሊይዘው ነው?"

"ጎረቤቴ።"

"ቲቸር፣ ሰው እኔ ጋ የሚመጣው ጎረቤት እንዳይገባበት ነው።"

ለከተማ ደወልኩ። ለማን እንደሆነ ሁለቴ አስደገመኝ። "ይሁን... ኦባንግ እንደሁ ከእኔ የተሻለ ይነዳል።"

ቅዳሜ፣ የካቲት 28

አኬሎ ጋ ገባሁ። ቁልፉን ዘረጋሁላት። ተቀበለችኝና አሸተተችው።

"አሳ አይሸትም።"

"አዲስ ነው። አንቺ ጋ ይቀመጥ። ስትፈልጉ ኦባንግ ይንዳ፣ እኔን መጠየቅ አያስፈልግም።"

"ይሄኛው ትየርኪዲ ሄዶ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"ጥሩ።" ሽርጧ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። ልወጣ ስል፣ "ያን ለት መኪናው ውስጥ ለምን አጎነበስሽ?"

"ሳጎነብስም አይተሽኝ ነበር?"

"ወባው የተነሳብሽ መስሎኝ ልመጣ ነበር። ኋላ ቀና ስትዪ ተውኩት።"

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ መጋቢት 10

መስታወቱ ከአዲስ አበባ መጥቶ ተገጠመ። ሽታውን ያጥፋ ብዬ ያስቀመጥኩት ከሰልና ሎሚም ሠራ፣ ሽታው የለም ማለት ይቻላል። ሰፈሩ ይህን በምን እንደሰማ አላውቅም።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ማንጎው ሥር አቁሜ፣ ቤት ሳልገባ ደብተር አርም ነበር። የአኬሎ በር ሲንኳኳ ቀና ብል... ጋሽ ያዕቆብ። አማታቸው ወደ አቦቦ ሊመለሱ ነው። ሳላስበው አጎነበስኩ። አመል ሆኖብኝ ቀረ እንዴ?

"አኬሎ፣ አንድ ቁልፍ አንቺ ጋ አለ ብለውኛል።"

"ነበረ፣ ጋሼ። ኦባንግ ይዞት ሄደ።"

"የት?"

"ትየርኪዲ።"

ይህን ስትል ቁልፉ ሽርጧ ላይ እንደተቋጠረ ነው፣ ጫፉ ይታየኛል። ፊቷ ግን ጸሎት ላይ ያለች ይመስላል። ዓይኗ በጋሽ ያዕቆብ ትከሻ በላይ መጥቶ እኔ ላይ አረፈ። ዛሬ እጇን አላነሳችም።

"ትየርኪዲ..." አሉ ጋሽ ያዕቆብ፣ እንደ ለመዱት። በሩ ተዘጋ፣ እርምጃቸው ራቀ። አፌን በደብተር ይዤ ቆየሁ።

መስኮቱ ተንኳኳ።

"ተነሺ፣ አልማዜ። ሄደዋል።"