ስለ ልብዎና ስለ ስፌት መኪና ጠጋኙ

ውድ እማዬ፣

በስልክ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» እያሉ ስለሚዘጉብኝ በወረቀት መጣሁ። ወረቀት አይዘጋም። መነጽርዎን ያድርጉና እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

ልጅዎ ያረፈ ሰሞን ሰው ሁሉ «አማትና ምራት ያለ እሱ እንዴት በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ?» ይል ነበር። ከፖስታ ቤት ሥራዬ ስመለስ ከስፌት መኪናዎ ቀና ሳይሉ «ምሳ በልተሻል?» ይሉኛል። «በልቻለሁ እትዬ» እላለሁ። በዚሁ ይመሻል። የእሱን ስም ላለማንሳት ስንጠነቀቅ ሌላውንም ወሬ አብረን ተውነው።

ያን ጠዋት ግን የቬሎ ጨርቅ ሲቆርጡ መቀሱ ከእጅዎ ወደቀ። ፊትዎ በላብ ተጠምቆ «ብርድ ነው፣ ደረቴን ይዞኝ ነው» አሉ። ግራ ክንድዎን ግን እንደ ሕፃን አቅፈውት ነበር። ታክሲ ውስጥ ያስገባሁዎ እየታገሉኝ ነው፤ «ጨርቁን ሸፍኚው፣ አቧራ እንዳይነካው» እያሉ።

የልብ ሐኪሟ አንዱ የልብዎ ደም ሥር መደፈኑን ነገረችን። በእጅ አንጓዎ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብታ ደም ሥሩን ልትከፍትና ስቴንት የሚሏትን፣ ከእስክሪብቶ ሞላ የምትቀጥን የብረት መረብ ልታስቀምጥበት ነበር። ወደ ውስጥ ሲያስገቡዎ ነርሱ እኔን እያየ «ምንዎ ናት?» አለ። «ልጄ ናት» አሉት፣ ቅንጣት ሳያመነቱ። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ያለቀስኩት ፈርቼ ብቻ አልነበረም። እትዬ ቀርቶ እማዬ ያልኩዎ ከዚያ ወዲህ ነው።

ከሆስፒታል ስንወጣ ሐኪሟ ያለችን አሁንም በጆሮዬ አለ። «መረቧ መድኃኒት የተቀባች ናት እማማ። መድኃኒቱ ቀስ እያለ እየወጣ ሥጋ እንዳይበቅልባት፣ ደም ሥሩም ተመልሶ እንዳይጠብ ይከላከላል። በዚያው ልክ ግን የራስዎ ስስ ሽፋን እስኪያለብሳት ይዘገያል። እስከዚያ ደምዎ እንደ ባዕድ ስለሚያያት ሊረጋባት ይችላል። ደም እንዳይረጋ የሚከላከሉትን እነዚህን ሁለት ክኒኖች እኔ ሳልነግርዎ እንዳያቆሙ።»

«እንግዳ አስገብታችሁብኝ ዘበኛ ደግሞ ልቅጠርላት?» አሉና አሳቋት።

ዘበኛው ግን ሥራዎ ላይ መጣ። ድሮ መርፌ ሲወጋዎ ጣትዎን መጠጥ አድርገው ይቀጥሉ ነበር፤ አሁን ጠብታው አልቆም አለ። አንድ ቀን የቬሎው ደረት ላይ አረፈ። በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና አስለቀቁት፤ ለእኔ አልነገሩኝም። ራት ላይ ነው አንድ ቀን ጣቶችዎን ዘርግተው በኩራት ያሳዩኝ።

«አየሽ? ዛሬ ደጋግሞ ወጋኝ፤ ጨርቄ ግን ንጹሕ ነው። ያንን ክኒን ትቼዋለሁ።»

ራቱን ትቼ ተነሣሁ። ሐኪሟ ጋ ስደውል «አሁኑኑ ይዘሻቸው ነይ» አለችኝ። ታክሲ ውስጥ ተጣላን።

«ሙሽራዪቱ ደም ነጥብ ያለበት ልብስ ለብሳ ትዳር?» አሉኝ።

«ሙሽራዪቱ ሌላ ልብስ ታገኛለች። እኔ ሌላ እናት ከየት አመጣለሁ? አንድ ሰው ቀብሬያለሁ እማዬ፤ ሁለተኛ አልችልም።»

ብዙ ከሄድን በኋላ እጄን ያዙና «እሱም እንዲህ ደረቅ ነበር» አሉ።

«ከማን ወርሶ?»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሾፌሩ በመስታወት እያየ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ደግነቱ በጊዜ ደርሰን ነበር፤ ምንም አልረጋም። ሐኪሟ ግን አልሳቀችም። «እድለኛ ነዎት፤ እድል ግን ክኒን አይሆንም» አለችዎ።

ከዚያ በኋላ መርፌውን እኔ ያዝኩ፤ መኪናው በእጄ ሲበላሽም ጠጋኙ ይመላለስ ጀመር። እርስዎ ከጎኔ ተቀምጠው «ይኼ ስፌት ነው ወይስ ዶሮ የጫረችው?» እያሉ ስንቱን አስፈቱኝ። እኔ ስፈታ እርስዎ ስለ እሱ ያወሩልኝ ነበር። ልጅ ሳለ ውድ ገበር ሰርቆ በክር ታስሮ በነፋስ የሚበር መጫወቻ እንደሠራበት፣ እርስዎም ሊቆጡት ሄደው ክሩን ተቀብለው እንዳበረሩት። የማላውቀውን ባሌን ከእርስዎ አፍ ሰማሁት።

ዓመቱ ሲሞላ ሐኪሟ «ከሁለቱ አንዱ ይበቃል» አለች። እርስዎ የጠየቋት «እንግዲህ መንገድ መሄድ እችላለሁ?» ብቻ ነበር። በሳምንቱ ሻንጣዎን አሰሩ። «ትልቋ ልጄ ጋ ልሂድ፤ የልጅ ልጆቼ ናፍቀውኛል» አሉኝ። በር ላይ ደግሞ ዞር ብለው፣ «ያ የስፌት መኪና ጠጋኝ እኔ ፊት ጉሮሮው ይደርቃል። ለመሆኑ አንድ መኪና ስንት ጊዜ ይበላሻል?»

አልገባኝም ነበር። የሰለቹኝ መስሎኝ ተቀየምኩዎ። አሁን ነው የገባኝ፤ በልጅዎ ቦታ ሌላ ሰው ሲቀመጥ እንዳላፍርዎ ቤትዎን ለቀውልኝ ሄዱ።

እማዬ፣ ጠጋኙ ጠየቀኝ። ቀስ ያለ ሰው ነው፤ ከመናገሩ በፊት እጁን ከዘይቱ ይጠርጋል። እኔም ልቤ እሺ ብሏል። «አባትሽም እናትሽም የሉም፤ አንቺን ከማን ልጠይቅ?» ሲለኝ «እናት አለችኝ» አልኩት። የማን እናት እንደሆኑ ሲገባው ደነገጠ።

«እሳቸው ፊት በምን ዓይኔ ልቁም?»

«እያላበህ ትቆማለህ» አልኩት።

ቅዳሜ ይመጣል። ሲያዩት ሆድ ከባሰዎ ይባስዎ፤ ያልቅሱ፣ እሱም ያውቃል። ልብዎ እምቢ ካለ ለእኔ ብለው እሺ አይበሉት፤ አልቀየምዎትም። እሺ ካሉት ግን ወዲያው አይልቀቁት፣ ትንሽ ያስጨንቁት። ሠርጌም ላይ የሙሽራ እናት ሆነው ከጎኔ ይቀመጣሉ፤ ለዚያ ቦታ ሌላ ሰው የለኝም።

መልስዎን በእሱ ይላኩልኝ፣ ሲመለስ መናገር ከቻለ።

በጣም የናፈቁኝ፣
እኔው ነኝ