እስከ 1959 የተፈቀደለት እንግዳችን

ጥር 14 ቀን 1959 ዓ.ም.
ወረታ

ይድረስ ለክቡር የእንግዶች መግቢያና መውጫ ፈቃድ ክፍል ሹም፤

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። በእኛ በኩል ውኃው ከሜዳው ሸሽቶ ጓያውና ሽምብራው ስለያዘልን፣ ከብቱም ስለጠገበ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እርስዎም ወንበርዎ እንደጸና፣ ቀለምዎ እንዳልደረቀ፣ ማኅተምዎም ድካም እንዳልተሰማው ተስፋ አደርጋለሁ።

የላኩልኝ ደብዳቤ ባለፈው ሰኞ ደርሶኝ በክብር ቆሜ አነበብሁት። የስዊድን አገር ሰው የሆነው ሙሴ ኤሪክ ለሁለት ወር ጉብኝት ገብቶ ሳይወጣ ስለቀረ፣ ዋሱ እኔ ማረው አንለይ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንዳቀርበው፣ ባላቀርበው ግን በእሱ ፋንታ እንድታሰር ያዝዛል። ደብዳቤው ተከፍቶ ስለመጣ የወረታ ገበያ ከእኔ አስቀድሞ አንብቦታል፤ እንግዲህ መልሱን ብቻ መሸፈኑ አላማረኝምና በግልጽ ጽፌዋለሁ።

አንደኛ። ሙሴ ኤሪክ «ተሸሽጎ ይኖራል» መባሉን በተመለከተ፣ ክፍልዎ ስለ አገራችን ስለ ፎገራ ያለውን እውቀት ሳላደንቅ አላልፍም። ሰውዬው በደጃፌ ጎንበስ ብሎ የሚገባ ረጅም ነው፤ ጢሙም የበርበሬ ቀለም አለው። አገራችን ደግሞ ዓይን እስከሚደክመው ድረስ ሜዳ ነው፤ ጥጃ እንኳ ቢጠፋብን ጓሮ ቆመን ነው የምናየው። እንዲህ ያለውን ሰው የምሸሽግበት ሥፍራ ክፍልዎ የሚያውቅ ከሆነ፣ ለእህሌም ስለሚበጀኝ ቢጠቁሙኝ ውለታዎን አልረሳም።

ሁለተኛ። «ጉብኝቱን ፈጽሞ ሳለ አልወጣም» ተብሏል። አልፈጸመም። የመጣው የውኃ ወፎችን አይቶ ሊጽፍ ነው። ክረምት ሲገባ ወንዞቻችን ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ይውጡታል፤ ወፉ ይመጣል፣ መንገዱ ይጠፋል። ውኃው ሲሸሽ መንገዱ ይገኛል፣ ወፉ ይሄዳል። ሁለቱን ባንድ ቀን አገኛለሁ ሲል ዓመቱ ዓመትን ወለደ። በዚህ መካከል ታንኳ መቅዘፍ ለመደና፣ በ1956 ክረምት የጎረቤቴን የካሴን ሚስት ማናዬን ምጥ ይዟት ከጎርፍ መካከል አውጥቶ ለአዋላጅ አደረሳት። ይህ በጉብኝት ፈቃድ የማይፈቀድ ሥራ ከሆነ፣ ሕፃኑን ወደነበረበት መመለስ ስለማይቻል በትሕትና ይቅርታ እንጠይቃለን።

ሦስተኛ፣ ስለ ቀኑ። በ1951 ሚያዝያ እንግዳው ከጭነት መኪና ወርዶ ማደሪያ ሲጠይቅ፣ ጭቃ ሹሙ ዋስ ካልጠራ እንዳያድር ከለከለው። እኔ ዳዊት የደገምሁ፣ የፈረንጁንም ቁጥር በመሐመድአወል ሱቅ ከሚዛኑ ላይ የለየሁ ሰው በመሆኔ ወረቀቱን እንዳነብ ተሰጠኝ። አንበሳ ካለበት ማኅተም ሥር «እስከ 20-6-1959» ይላል። ስድስተኛው ወር የካቲት ነው፤ ለ1959 ደግሞ ገና ስምንት ዓመት ይቀረው ነበር። መንግሥታችን ለእንግዳ እንዲህ ቸር መሆኑ ልቤን ነክቶት ያን ጊዜውኑ ፈረምሁ። ባለቤቴ ይርገዱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ወሬውን ስነግራት «ስምንት ዓመት የሚቀመጥ ሰውማ ምን እንግዳ ነው፤ ነገ ከላሞቹ ጋር ይውጣ» አለች፤ ወጣም።

ማኅተሙ የእኛ፣ አንበሳው የእኛ ሆኖ ሳለ ዓመቱ ብቻ የፈረንጅ ይሆናል ብሎ የሚጠረጥር ገበሬ ቢገኝ ክፍልዎ ሳያመልጠው እንዲቀጥረው እመክራለሁ። እኔ ባነበብሁት መሠረት ሙሴ ኤሪክ ዛሬ ሠላሳ ስድስት ቀን ይቀረዋል።

አራተኛው አቤቱታ በራሴ ላይ ነው፤ ክፍልዎ ስላልደረሰበት እኔው አቀርበዋለሁ።

ይርገዱ በ1952 የካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት ዕለት አረፈች። መቃብሯ ሲቆፈር ሙሴ ኤሪክ ዶማውን ለማንም አልሰጥም አለ፤ አርባዋ ወጥቶ ዘመድ ሁሉ ሲበተንም ከቤቴ የቀረው እሱ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ መሐመድአወል፣ ከአሥመራ የመጣለትን የቀን መቁጠሪያ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ፣ ወደ ጓዳ ጠራኝና «አያ ማረው፣ የፈረንጅ ዓመት ከእኛ በሰባት በስምንት ይቀድማል። የሰውዬህ ወረቀት ካለፈ ዓመቱ ነው» አለኝ። እኔም «ስኳሩን መዝንልኝ» ብዬው ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ተኩል ዝም ብያለሁ።

ለንስሐ አባቴ ለመምሬ አዛናው ነግሬያለሁ። «ስግደቱ አርባ ነው፤ ስግደቱን ስትጨርስ ግን ለሰውዬው ንገረው» አሉኝ። አርባውን ሰግጄ መንገሩን አሳደርሁት፤ በዓመቱ ስመለስም ስግደቱን ጨመሩብኝ። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ራሴን ስጠይቅ፣ ዝም ያልሁት ለእንግዳ አዝኜ ነው ስል ኖሬ፣ ባዶ ቤት ፈርቼ ሆኖ አገኘሁት። ይህን የመሰለ ምርመራ ክፍልዎ ቢያካሂድብኝ ኖሮ ጉልበቴ ባልደከመ።

የእርስዎ ደብዳቤ ግን መምሬ ያቃታቸውን አደረገ፤ በዕለቱ ሄጄ ነገርሁት። ላም እያለበ ነበር፤ ቀና እንኳ አላለም። «አያ ማረው፣ የአገሬን ዓመት ከእርስዎ ልማር ኖሯል? በመጣሁ በሁለት ወሩ ነው ያወቅሁት።» ታዲያ ምነው ዝም አልህ ብለው፣ «የቤቱ ጌታ እስከ 1959 ተቀመጥ አሉኝ፤ እትዬ ይርገዱም ከላሞቹ ጋር ውጣ አሉኝ። ከዚህ ወዲያ ማንን ላስፈቅድ?» ብሎ የወተቱን ጮጮ አቀበለኝ። እንግዲህ የምናውቀውን አንዳችን ካንዳችን ስንሸሽግ ስለኖርን፣ «ተሸሽጎ» ያሉት እኩሌታው እውነት ነው፤ በዚህ ክፍልዎን አመሰግናለሁ።

አሁን የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። በመጪው የካቲት 16 የይርገዱ የሰባት ዓመት ተዝካር ነው። እንጨቱን የፈለጠው ሙሴ ኤሪክ ነው፤ ውኃውንም የሚቀዳው እሱ ነው። ያበላችውን ሴት ተዝካር ሳያወጣ በፖሊስ አይውጣብኝ። የካቲት 20 ቀን ሁለታችንም በእግራችን ቢሮዎ እንቀርባለን፤ እኔ ጋቢዬንና ዳዊቴን ይዤ እመጣለሁና የሚታሰር ካለ ከእኔ ይጀመር።

ምናልባት ልብዎ ራርቶ አዲስ ፈቃድ የሚጽፉለት ከሆነ ግን፣ ዓመቱን እንደ ልማድዎ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፉልኝ። ዘንድሮ በእነሱ 1967 መሆኑን መሐመድአወል አሳይቶኛል። አሁን እርስዎም፣ መምሬም፣ ገበያውም ስለሚያውቁ ንስሐ የሚያስገባ ነገር የለበትም፤ ማንበቡን ብቻ ለእኔ ይተዉልኝ።

ማኅተምዎን እንደ ጽሑፉ ያመንሁ፣ በዋስትናዬ የጸናሁ፣ ወንበርዎን ከሩቅ እጅ የምነሣ፣

ማረው አንለይ
ከወረታ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤዎ የተጻፈው ግንቦት 12 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ፖስታው ላይ እንደሚታየው ወረታን አልፎ ሐሙሲት፣ ከሐሙሲትም አንበሳሜ ደርሶ እዚያው ከርሟል። ለአሥራ አምስት ቀን ጉዳይ ወጥቶ ሃያ ወር የቆየው በማን ዋስትና እንደሆነና ፈቃዱን ማን እንዳራዘመለት ቢገልጹልን፣ ሙሴ ኤሪክም በዚያው በኩል ለማመልከት ይወዳል።