«ሰው አይኖርበትም» ስለተባለው አራተኛ ፎቅ

ለመሀል ከተማ የንግድ ሕንፃዎች ወደ መኖሪያ መቀየሪያ ድጎማ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ኅዳር 11

ጉዳዩ፦ የምንኖርበት ፎቅ እንደገና እንዲመረመርልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ከገበያው ፊት ለፊት ባለው ባለመስተዋት ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ልብስ እሰፋለሁ። ከመጋረጃው ወዲህ ሱቄ ነው፤ ከመጋረጃው ወዲያ እኔና እናቴ እንኖራለን። ይህን በጽሑፍ ሳሰፍር የመጀመሪያዬ ስለሆነ ስሕተት ቢገኝበት ይቅርታዎ አይለየኝ።

1. ሕንፃው የንግድ ስለሆነ ማደር ክልክል ነው። የቤት ኪራይ ሰማይ ሲነካ ግን እኔም፣ ሰዓት ሠሪው ከነሚስቱ፣ ፀጉር ሠሪዋም ከነልጆቿ በየሱቃችን አደርን። የሕንፃው አስተዳዳሪ ለቁጥጥር ሲመጣ፣ ዘበኛው ከምድር ቤት የውሃ ቧንቧውን በቁልፍ ይመታልናል። ያኔ ፍራሹ ተጠቅልሎ ጣቃ ጨርቅ ይሆናል፣ ቡታጋዙ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር ይገባል፣ እናቴም ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ደንበኛ ትሆናለች። መቼም ራስን ማመስገን ነውር ቢሆንም፣ በዚህ ሙያ የሚስተካከለን የለም።

2. ዘንድሮ መሥሪያ ቤትዎ ሥራ የቀዘቀዘባቸውን የንግድ ሕንፃዎች ወደ መኖሪያ ለሚቀይሩ ባለቤቶች ድጎማ እንደሚሰጥ፣ ቀድሞውኑ በሕንፃው የሚኖር ሰው ካለም ከሚሠሩት ቤቶች ቅድሚያ እንደሚያገኝ አስታወቀ። ፀጉር ሠሪዋ በደስታ ጮኸች፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።

3. ከዚያም መርማሪዎችዎ ነዋሪ ሊመዘግቡ መጡ። ዘበኛው ሱፍ የለበሰ ሰው ሲያይ እንደ ልማዱ ቧንቧውን መታ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነውና፣ ቤት ሊሰጡን የመጡት እንግዶች ደረጃውን ወጥተው ሳይጨርሱ ፎቁ ላይ አንድ ትራስ አልቀረም። ከመርማሪዎቹ አንዱ እናቴን በትሕትና፣ «እማማ፣ እዚህ ነው የሚኖሩት?» ቢሏት፣ «ኧረ ምን በወጣኝ! ቀሚስ ላሳጥር ነው የመጣሁት» አለች። እኔም ሜትሬን አንስቼ ለካኋት። ሰዓት ሠሪውማ የገዛ ሚስቱን፣ «እትዬ፣ ሰዓትዎ አልደረሰም፤ ነገ ብቅ ይበሉ» ብሎ ሸኛት። በገዛ እጃችን ነው፤ ማንንም አንከስም።

4. ፎቁም «ሰው አይኖርበትም፤ አሁን ባለበት ሁኔታም ሊኖርበት አይችልም» ተብሎ ተመዘገበ። ባለቤቱ ድጎማውን አገኘ፤ እኛ የመውጫ ማስታወቂያ ደረሰን። መኖሪያ ሊሆን ስለሆነ የሚኖርበት ይውጣ ነው ነገሩ። ሰው ከሌለ «ውጡ» የተባለው ማን እንደሆነ ማስታወቂያው አላብራራም። ከጎኑ የተለጠፈውን ፕላን አይቻለሁ፤ አርክቴክቱ አልጋውን የሣሉት እናቴ የምትተኛበት ጥግ ላይ ነው። ቦታ አመራረጣቸውን አደንቃለሁ፤ ከመስኮቱ ብርድ የማይመታው እሱ ጥግ ብቻ ነው።

5. ስለዚህ ክቡርነትዎ ሌላ መርማሪ እንዲልኩልን፣ እስከዚያም የመውጫው ትእዛዝ እንዲታገድልን በትሕትና እለምናለሁ። ዘበኛውን ቁልፉን ተቀብለነዋል። ሆኖም ጫማውን አውልቆ በተረከዙ እንዳይመታ ዋስ መሆን ስለማልችል፣ መርማሪው ሱፍ ሳይለብሱ ቢመጡ ይሻላል።

በቀልድ የጻፍኩት እንዳይመስልብኝ፤ ካልሳቅሁ እንባዬ ይቀድመኛል ብዬ ነው። እናቴ አርጅታለች። ሳል ሲመጣባት ድምፁ ውጭ እንዳይሰማ ብርድ ልብሱን ትነክሳለች። የምትወጣበት ሌላ ቤት የለንም። የምንለምነውም ሰፊ ቤት አይደለም፤ በሩ ሲንኳኳ እናቴ ከውስጥ ጮክ ብላ «ማነው?» የምትልበት ቤት ነው።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ልብስ ሰፊዋ፣
የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ