ለሰው የሰጠሁት መርፌ

መጋቢት 4 ቀን፣ ከወንዙ ዳር፣ ከቤትሽ

የእኔ አኑስካ፣

ስደውልልሽ አላነሳ ስትይ በወረቀት መጣሁብሽ። አንኮሬጅ እንዴት ይዞሻል? እህል ትቀምሻለሽ? እዚህ ወንዙ ገና አልቀለጠም። ወንድምሽ ዋሲሊ ደህና ነው፤ እኔም አለሁ፣ መኖር ከተባለ።

ባለፈው ሳምንት ከታቢዎቹ በትንሿ አውሮፕላን ተመልሰው መጡ። ዘንድሮ ሕፃን ሽማግሌ ሳይባል መንደሩ በሙሉ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰለፈ። ዋሲሊ መርፌውን ሲያይ ዓይኑን ጨፈነ። የጤና ጣቢያችን ኤቭጌንያ ዝም ትለዋለች?

«ድብ የማትፈራው ሰውዬ፣ ለዚች ነው የምትንቀጠቀጠው?»

«ድብ እኮ እጅጌህን ሰብስብ አይልም» አላት።

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ወዲያው አትሳክ ትዝ አለችኝና አፈርኩ። ልጅሽ ከተቀበረች ገና አምስት ወሯ ነው።

አኑስካ፣ የምነግርሽ ነገር አለ። ነሐሴ ላይ ለዚያ ጉሮሮ ለሚዘጋው በሽታ ሊከትቡን መጀመሪያ ሲመጡ፣ በዝናቡ ምክንያት ግማሹ ሣጥን ከተማ ቀርቶ ክትባቱ ለጥቂት ሰው እንዳነሰ ታስታውሻለሽ። የጎረቤታችን የአክሲኒያ ምራት ተራው ሳይደርሳት አለቀባት። እኔ ደግሞ እጅጌዬን ሰብስቤ ተቀምጬ ነበር። «የእኔን ለእሷ ስጧት፤ እኔን አሮጊቷን ምን ይነካኛል?» አልኩ። ሰው መረቀኝ፤ አንቺም «የእናቴ ነገር» ብለሽ ሳምሽኝ። ግዳይ ሲከፋፈል ከልጆች ቀድሞ እጁን የሚዘረጋ ሽማግሌ መቼ አይተን እናውቃለን? መርፌውንም እንደ ሥጋ ቆጠርኩት። የቀረው ሣጥን ሲመጣ እኔ ዓሣ ማድረቂያው ሰፈር ነበርኩ፤ ኤቭጌንያ ብትልክብኝም ሥራ አለብኝ ብዬ ቀረሁ።

ለካ መርፌው ለእኔ ብቻ አልነበረም። የትንንሾቹ ክትባት እስኪጸና፣ እኛ ትልልቆቹ በሽታውን በጉሮሯችን ይዘን እንዳንዞር ነው። አትሳክ ገና አንዴ ነበር የተወጋችው፤ በሽታው ቀደማት።

ከቀብሯ በኋላ የሁላችንንም ጉሮሮ በጥጥ ጠርገው ወሰዱ። በሽታው ሰባት ሰው ላይ ተገኘ። አንዷ እኔ ነኝ። ሳልም ትኩሳትም አልነበረኝም። ሆድ ይፍጀው ብዬ እስከ ዛሬ ደበቅሁሽ።

ኤቭጌንያ «አክስቴ፣ ከማን እንደያዛት ማንም አያውቅም፤ ራስሽን አትብይ» ትለኛለች። እሷ ምን ታድርግ። ደረቁን ዓሣ አኝኬ የማጎርሳት ግን እኔ ነበርኩ። እናቴ ለእኔ፣ እኔም ለአንቺ እንዲሁ አድርገናል። ያቺ ልጅ ስዘገይባት አገጬን በእጇ ወደ ታች ትጎትተው ነበር። ልጄ፣ እኔ ነኝ ብዬ አምናለሁ።

የአክሲኒያ ምራት በጥር ሴት ወለደች። የሞተ ሰው በስሙ ይመለሳል በሚለው ወጋችን የልጅሽን ስም ሰጥታት፣ ትናንት አቅፋ አመጣችልኝና ጭኔ ላይ አስቀመጠቻት። «አትሳክ መጣችልሽ፣ ተቀበያት» አለችኝ። እኔ ፊቴን አዞርኩ። አሁን ተከትቤያለሁ፣ መድኃኒቱንም ጨርሻለሁ፣ ጉሮሮሽ ንጹሕ ነው ብለውኛል። ቢሆንም ትንፋሼ እንዳይነካት ፈራሁ።

«አልወደድሻትም እንዴ?» አለችኝ፣ ከፍቷት።

«ትከሻዬን አሞኝ ነው» አልኳት።

የስሟን የመጀመሪያ ልብስ ማልበስ የሟቿ እናት፣ የአንቺ ፋንታ ነው፤ ሌላ ሰው ቢያለብሳት ነውር ነው። እናቷ እየጠበቀችሽ ነው። ነይ አልብሻት፣ ስሟን ጠርተሽ እቀፊያት። እኔ ያላቀፍኳትን አንቺ እቀፊልኝ።

ይህን አንብበሽ ፊቴን ማየት ካስጠላሽ አልቀየምሽም። የምትመጪበትን ቀን ለዋሲሊ ብቻ ንገሪው። ምድጃውን አቀጣጥሎ፣ አልጋሽን አንጥፎ ይጠብቅሻል። እኔ ማዶ መንደር እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ፤ አንቺ ወደ አንኮሬጅ እስክትመለሺ አልመጣም።

ልጅሽን የወሰደ አምላክ ልብሽን ይጠግንልሽ፣ ለእኔ ያደለኝን ዕድሜ ለአንቺ ይስጥሽ። አውሮፕላንሽ ሲያርፍ ድምፁ እስከ ማዶ ይሰማል። እሱ ይበቃኛል።

እናትሽ አጋፊያ