በባነርዎ ላይ የሰቀሉት የአባቴ ልብ

ይድረስ ለተከበሩ የልብና የደም ሥር አማካሪ፣ የ“ሕያው ቅጠል የተፈጥሮ ጤና ማዕከል” መሥራች፣ ሐኪም፣ መድኃኒት ቀማሚና በር ከፋች፣ ለአቶ አሸናፊ፤
እንጅባራ

ክቡር ሆይ፣ ከመላው ቤተሰብዎ፣ ከጠርሙሶችዎና ከዚያች ከማትወልቀው ነጭ ጋወንዎ ጋር እንደምን ሰነበቱ? ለእርስዎ ያለኝ አክብሮት እንደ ከተማችን ዝናብ ነው፤ ጀምሮ አያባራም፣ የወረደበትንም ሰው ያበሰብሳል። ጤናዎ እንዲጠበቅ ዘወትር እመኛለሁ። ምክንያቱም እርስዎ የታመሙ እንደሆነ ማን እንደሚያክምዎት ሳስበው ያስፈራኛል፤ ራስዎን እንዳያክሙ ደግሞ አጥብቄ እለምንዎታለሁ።

እኔ ባንተአምላክ ይኸነው እባላለሁ፤ ከሱቅዎ ፊት ለፊት ካለው ተራ የምጭን የባጃጅ ሹፌር ነኝ። በትምህርት ብዙም አልገፋሁም። አሥረኛ ክፍል ላይ ባዮሎጂ ጠላኝ፣ እኔም አላባበልኩትም። ይህ ለዓመታት ሲያሳፍረኝ ኖሮ፣ ባዮሎጂ ሳይነኩ ልብ ማከም እንደሚቻል ከእርስዎ ስማር ግን እጅግ ተጽናናሁ። የአምስት ቀን ሥልጠናዎ የምስክር ወረቀት በመስታወት ውስጥ ሆኖ ከበራፍ ይታያል፤ እኔ እንኳ መንጃ ፈቃዴን ለማግኘት ከዚያ በላይ ቀን ፈጅቶብኛል። ለሦስት ጎማ ነው ታዲያ።

ጉዳዩን በግል እንዳልነግርዎት ሁለት ጊዜ መጥቼ ወረፋ ያዝ ስለተባልኩ፣ ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍዬ በአደባባይ አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ አባቴ ክብር አመሰግናለሁ። አባቴ አቶ ይኸነው አምና ጥር ላይ ለፈረስ ጉግሱ ሲለማመድ ደረቱን ጭምድድ አድርጎ ያዘውና ከኮርቻው ላይ ተደግፎ ወረደ። ሆስፒታል ስንወስደው የልብ ሕመም ነው ተባለ፤ ደሙ ሲመረመርም መጥፎው ኮሌስትሮል 186 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ቢያንስ ከመቶ በታች መውረድ አለበት፣ ካልሆነ የልቡ ደም ሥር ይደፈናል አለና በየማታው የምትዋጥ አንዲት ትንሽ ነጭ ክኒን አዘዘለት።

እዚህ ላይ አገራችንን ለማያውቅ አንባቢ ማስረዳት አለብኝ። አባቴ የሰንበቴ ሙሴ ነው፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዳቦና ጠላ ይዞ የሚሰበሰበው ማኅበር አለቃ ማለት ነው። ረቡዕና ዓርብን ዘልሎ አያውቅም፤ ፍልሰታን በጥሬ የሚያሳልፍ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው “ደምህ ውስጥ ስብ በዝቷል” ሲሉት በሽታውን የነገሩት አልመሰለውም፤ በጾም ቅቤ ሲልስ የተያዘ ነው የመሰለው። ክኒኗን በጋቢው ጫፍ ቋጠራት፤ ሰው ሲመጣ ልክ እንደ ሰረቃት ይደብቃታል። የሆስፒታሉ ፋርማሲስት ርብቃ አስቀምጣ ልታስረዳው ሞከረች፤ “አባባ፣ አብዛኛውን የሚሠራው የራስዎ ጉበት ነው። እርስዎ ይጾማሉ፤ ጉበትዎ ግን አይጾምም” አለችው። እሱ እንደሆነ ጉበቱም አብሮ የተሰደበ መሰለው።

ከዚያ ወደ እርስዎ መጣ። እርስዎም ጋወንዎን ቆልፈው፣ እጁን በሁለት እጅ ይዘው፣ “ለጾመኛ ሰው የስብ ክኒን ማዘዝ ስድብ ነው” አሉት። አባቴ ያን ዕለት ከሱቅዎ ሲወጣ አንገቱ ቀና ብሎ ነበር። ክኒኗ ግን የቆሻሻ ገንዳው ውስጥ ቀረች።

፪ኛ. ስለ ምርትዎ ጥራት አመሰግናለሁ። ነጭ ሽንኩርት ጓሯችን ውስጥ አለ፤ እርድና ቀረፋም ከገበያ ይገኛል። እነዚህን ነገሮች ስንበላ የኖርነው ግን በከንቱ ነበር፤ ጠርሙስ ውስጥ ካልገቡና ስማቸው በማይነበብ ቋንቋ ካልተጻፈ ልብን እንደማያውቋት አስተምረውናል። በተለይ አብረው በሚሸጡት የዓሣ ዘይት ጠርሙስ ላይ “የጾም” የምትል አረንጓዴ ወረቀት በእጅዎ መለጠፍዎ ልቤን ነክቶታል። ርብቃን ጠይቄያት የእንክብሉ ልባስ ከከብት ቆዳና አጥንት የሚሠራ መሆኑ በጀርባው ላይ እንደተጻፈ አንብባልኛለች። እርስዎ ግን የፊቱን ብቻ የሚያነቡ ሰው ስለሆኑ አይፈረድብዎትም።

፫ኛ. ስለ ሳይንስዎ። አባቴ አራቱንም ዓይነት እንክብል ለሦስት ወር ያለ ማቋረጥ ዋጠ። በነጭ ሽንኩርቱ ምክንያት ባጃጄ ውስጥ ከጎኑ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ እንጂ አንድም ቀን አላጓደለም። ከዚያ ደሙ ሲመረመር ኮሌስትሮሉ 189 ሆነ። ሦስት ቁጥር ጨምሮ ማለት ነው። ወረቀቱን ይዘንልዎት ስንመጣ፣ ቤት ሲጠረግ አቧራ እንደሚነሣ፣ ይህም የሚነሣው አቧራ እንደሆነ አስረዱን። ክቡር ሆይ፣ እናቴ ቤት መጥረግ ከጀመረች ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ሦስት ወር ሙሉ አቧራ የሚያስነሣ መጥረጊያ ግን ቢኖራት ኖሮ የምታቃጥለው መጥረጊያውን ነበር።

፬ኛ. ይህ ቁጥር ምስጋና አይደለም፤ የራሴ ኑዛዜ ነው። ሲያነቡት ይቀመጡ።

አባቴ ደረጃ ሲወጣ ደረቱን እየያዘ መቆም ጀምሮ ነበር። ክኒኑን ዋጥ ብለው አይሰማም፤ ብለምነው “ቅቤ በላሁ ልበል?” ይለኛል። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ማታለል እንጂ ሰው ማሳመን አልሆነልኝም። ስለዚህ በሆስፒታል ካርዱ የታዘዘለትን ክኒን እያወጣሁ፣ እሱ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ የእርስዎን የእርድ እንክብሎች እንደ ባቄላ እየፈለቀቅሁ፣ ዱቄቱን እያራገፍሁ፣ ያችን ነጭ ክኒን በአንዱ ውስጥ አንድ እያደረግሁ መልሼ ገጠምኋቸው። የወጣውን ቢጫ ዱቄት እናቴ አልጫ ላይ ጨመረችው። ከምርትዎ ሁሉ እንደ ተስፋ ቃሉ ሠርቶ ያየሁት ያንን ብቻ ነው፤ አልጫው ግሩም ነበር።

አባቴ እርድ የዋጠ እየመሰለው ሁለት ወር የሆስፒታሉን ክኒን ዋጠ። ከዚያ ሲመረመር 97 ሆነ። ያው አባቴ፣ ያው ጾሙ፣ ያው ጠርሙስ፤ የተለወጠው የእንክብሉ ሆድ ዕቃ ብቻ ነው። ተራ ላይ ያሉ ጓደኞቼ ይህ ተንኮል ነው እንጂ ምርምር አይደለም ብለውኛል፤ እኔም ምርምር ነው አላልኩም። ብቻ ትልልቆቹ ሐኪሞች በብዙ ሰው ላይ አወዳድረው ያገኙትም ይኸው መሆኑን፣ ክኒኗ ጉልህ አድርጋ ስታወርድ ነጭ ሽንኩርቱና የዓሣ ዘይቱ ከባዶ እንክብል የተሻለ ነገር እንዳላደረጉ ርብቃ ነግራኛለች። ይህን ከነገረችኝ በኋላ እኔንም አልማረችኝም። ሰው ሳያውቅ መድኃኒት ማስዋጥ ከእርስዎ ሥራ የማይሻል ነውር እንደሆነ፣ አንድ ነገር ቢደርስበት ሐኪሙ እንኳ ምን እንደዋጠ ሊያውቅ እንደማይችል ነግራ አሳፈረችኝ። ክቡርነትዎ፣ በአንድ ቀን ከእርስዎ ጋር በአንድ ሚዛን መቀመጥ ቀላል ነገር አይደለም።

፭ኛ. ስለ ባነሩ። አባቴ 97 የሚለውን ወረቀት ደስ ብሎት ለእርስዎ አሳየ። በሳምንቱ ከሱቅዎ አናት ላይ፣ እንደ ታቦት ጥላ የሰፋ ባነር ወጣ፤ አባቴ በፈረሱ ላይ ሆኖ፣ ከጎኑ የምርመራ ወረቀቱ፣ ከሥሩም “ያለ ክኒን! በተፈጥሮ እርድ ብቻ!” የሚል ጽሑፍ አለበት። እኔ ተራዬን እየጠበቅሁ ከባጃጄ ውስጥ አየሁትና በሳቅ ፈረስሁ። በዓለም ላይ እንደዚህ ያለ ቀልድ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው የለም ብዬ ለሁለት ሳምንት ብቻዬን ስስቅ ከረምሁ። ያን ጊዜ አፌን ከፍቼ ብናገር ኖሮ ስድስተኛ ቁጥር አይኖርም ነበር።

፮ኛ. እትዬ እንቁ።

እትዬ እንቁ ድንች የምትቸረችር ጎረቤታችን ናት፤ ልቧን ታማ ባሕር ዳር ድረስ ሄዳ ታክማ የተመለሰች፣ ያችኑ ነጭ ክኒን በየማታው የምትውጥ ሴት ናት። ባነሩን አየች። አባቴን ታውቀዋለች፤ እንደማይዋሽ፣ እንደማይሸጥ ታውቃለች። ይኸነውን ያዳነ እኔን ማዳን አያቅተውም ብላ ክኒኗን ትታ እርድዎን ገዛች። ሦስተኛው ወር ላይ ገበያ መሐል ድንቹ ላይ ተደፋች። በእኔ ባጃጅ ነው ሆስፒታል የደረሰችው። መሪውን በያዝሁበት እጅ ስንት ጊዜ ራሴን ልመታ እንደቃጣኝ አልነግርዎትም። ተረፈች። ሐኪሙ ክኒኑን በመተዋ ብቻ ነው ብሎ አልማለም፤ መተዋ ግን ለምንም አልበጃትም ብሏል።

ከሆስፒታል ወጥታ መጀመሪያ የጠየቀችው ምን ይመስልዎታል? የእርስዎን እርድ። ሆስፒታሉ የሰጣትን ክኒን ልጇ ቤዛዊት በእጇ ይዛ ብትለምናት እምቢ አለች። ምስክሯ ከሱቅዎ አናት ላይ በፈረስ ተቀምጦ ያያታላ።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ለአባቴ ነገርሁት። ለመሮጥ እንዲያመቸኝ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር የነገርሁት። አልተነሣም። ዱላውንም አላየም። ክኒኑን እንዴት እንደከተትሁት አልጠየቀኝም፤ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “ያን ሥዕል ስንት ሰው አይቶታል?” አለኝ። እኔም ተራው ላይ የሚያልፈው ሁሉ፣ ከጥሊሊ የሚመጣው ሚኒባስ ሁሉ አልሁት። የቀረችኝን ክኒን ከእጄ ተቀብሎ በጋቢው ጫፍ ቋጠራት። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ያለፈው እሑድ የዐቢይ ጾም እሑድ ነበር። ሰንበቴው ተሰብስቦ፣ ዳቦው ተባርኮ ሳይቆረስ አባቴ ቆመ። የሚናገረው ስለ ማኅበሩ መስሎን ነበር። ከጋቢው ጫፍ ክኒኗን ፈታ፤ ከፍ አድርጎ ለሁሉም አሳያት። “የዳንሁት በዚች ነው። ቅቤ በልቼ አይደለም የምውጣት፤ በልቷል የሚል ካለ አሁን ይበል” አለ። ውኃ ተቀብሎ ዋጣት። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ፣ ስሙን አልጠራም፣ ከኮቱ የውስጥ ኪስ የራሱን ክኒን አወጣና ውኃውን አቀብሉኝ አለ። እሱም ለካ ሲደብቅ ኖሯል።

እትዬ እንቁ ከመሐላችን ተነሥታ ወደ ቤቷ ሄደች። በማግስቱ ጠዋት ተራው ላይ መጥታ ባጃጄ ውስጥ ገባችና ሆስፒታል አድርሰኝ አለችኝ። እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ስትሰድበኝ ሄደች፤ እኔን ጨርሳ ወደ እርስዎ የተሻገረችው ልትወርድ ስትል ስለሆነ፣ የእርስዎን ድርሻ ሙሉውን ላደርስልዎት ባለመቻሌ አዝናለሁ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ እኔ ጥፋቴን በራሴ ስም፣ በራሴ እጅ ጽፌያለሁ። ከእርስዎ ያን ያህል አልጠብቅም፤ አቅምዎን አውቃለሁ። እርድዎን ይሽጡ፤ ለአልጫ ብለው ይሽጡት፣ እናቴ ትመሰክርልዎታለች። የአባቴን ፊት ግን ያውርዱ። እሱ እዚያ ላይ ሆኖ የሚናገረው ውሸት ነው፤ ውሸት ተናግሮ አያውቅም፤ በስተርጅናው ማስተማር አይገባዎትም።

ጫማዎ በረገጠው ጭቃ ላይ ባጃጁን ቀስ አድርጎ የሚነዳ፣ ምክርዎን ለጠላቶቹ ብቻ የሚመኝ፣ የልብዎ አክባሪ፣

ባንተአምላክ ይኸነው
ከባጃጅ ተራ፣ እንጅባራ

ግልባጭ፦
ለከተማው ጤና ጉዳይ ኃላፊ፣ ሱቁን ሲያልፉ ቀና ብለው ለማያዩ፤
ለተራው ሹፌሮች፣ ማንበብ ለሚችሉት፤
ለእትዬ እንቁ፣ ቤዛዊት ታነብላታለች።

ማስታወሻ፦ ባነሩን ወጥቼ ልቅደደው አስቤ ነበር፤ አባቴ ግን የሰቀለው ያውርደው ብሎ ከለከለኝ። በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው በሙሉ ከሱቅዎ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ዳቦውም እዚያው ይቆረሳል፣ ሲያወርዱም ያይዎታል። መሰላል እንደሌለዎት ስለማውቅ እኔ አመጣለሁ። አልይዝልዎትም እንጂ።