አራተኛው ድጋፍ

ሐሙስ፣ መጋቢት 11 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

ስለ ጤናዬ ከመጻፌ በፊት ሦስት ዓመት ሙሉ የደበቅሁሽን ነገር ልንገርሽ። ያ ጋሪ ሐዲዱን የፋቀው በአንቺ ስሌት አይደለም። በእኔ እንጨት ነው።

ይህን ጽፌ ብዕሬን አስቀመጥሁ፤ ደግሞ አነሳሁት። ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኛል።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ስሌቱን ትሠሪበት ወደነበረው ቤተ ሙከራ አናጢ አድርገሽ ያስገባሽኝም አንቺው ነሽ። ጋሪውን ከማግኔቱ ሐዲድ በላይ በአራት የእንጨት ድጋፎች አስቀምጠዋለሁ። «በረዶ» የምንለው ባልደረባዬ ፈሳሹን ናይትሮጅን ያፈስሳል። ከጋሪው ሆድ ሥር ያሉት፣ ሱፐርኮንዳክተር የሚሏቸው ጥቁር ጡቦች ሲቀዘቅዙ ድጋፎቹን እስባለሁ፣ ጋሪውም እዚያው አየር ላይ ይቀራል። በቀዘቀዘበት ከፍታ ይጸናል፤ ዘንበል ብሎ ከቀዘቀዘም ዘንበል እንዳለ ነው። ስንት ጊዜ አስረድተሽኛል፤ ዛሬም አልገባኝም። «ከፍተኛ ሙቀት» የሚሏቸው እነዚሁ ዕቃዎች እጅ የሚያቃጥል ብርድ ካልጠጡ ለምን እንደማይሠሩም አልገባኝም። በረዶ «ጋሼ፣ ይሄ ጋሪ እኮ ከእርስዎ የተሻለ ያስታውሳል» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ጋሪው ሐዲዱን የፋቀ ዕለት ጠዋት አንዱ ድጋፍ ተሰነጠቀብኝና ሌላ ቆረጥሁ። ሃያ ሚሊሜትር መሆን ነበረበት። በዓይኔ ለካሁት። አርባ ዓመት በዓይኔ እየለካሁ በርም መስኮትም ገጥሜአለሁ፤ ሠራተኛው ሁሉ «ሜትሩ» ነበር የሚለኝ። እናትሽ ካረፈች ገና ሁለት ወሯ ነበር። ሐሳብ ወስዶኝ ነው ልበል? ወይስ ኩራት ነው? እንጃ። ጋሪው ጭነት ይዞ ሲሮጥ ኩርባው ላይ አንዱ ማዕዘኑ ሐዲዱን ፋቀ፤ የስንት ወር ልፋታችሁ ተሰባበረ። ወደ አናጢነት ክፍሌ ገብቼ ያን ድጋፍ በማስመሪያ ለካሁት። አሥራ አራት።

እስከዚህ ድረስ ስህተት ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም። አደጋውን የሚመረምረው ኮሚቴ «ድጋፎቹን ያምጡ» ሲለኝ በትክክለኛው ልክ አንድ አዲስ ሠርቼ፣ አቧራ አሽቼ አሮጌ አስመስዬ፣ አራት አድርጌ አቀረብሁ። የለካሻቸው አንቺ ነሽ። «አባዬ፣ ያንተማ ልክ ናቸው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልሽ። ዝም አልሁ። ሥራውን ለቀሽ፣ አገሩንም ለቀሽ ስትሄጂ ሻንጣሽን ተሸክሜ ሸኘሁሽ፤ ያኔም ዝም።

ለምን? አንድ ቀን፣ ሥራዬን እንዳላጣ ነው እላለሁ፤ እናትሽ ከሄደች ወዲያ የምውልበት ሌላ ቦታ አልነበረኝምና። ሌላ ቀን ደግሞ፣ አንቺ ፊት ላለማፈር ነው እላለሁ። ስጸልይ እዚህ ጋ ስደርስ ቃል ይጠፋብኛል፤ ለሰው ሁሉ ለምኜ፣ ይህን ዘልዬ እነሳለሁ።

ባለፈው እሑድ በስልክ «የልጄን የሒሳብ የቤት ሥራ ለአባቷ ነው የምተወው፤ የራሴን ጭንቅላት አላምነውም» ብለሽ ሳቅሽ። እኔም አብሬሽ ሳቅሁ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ምን እንዳሳቀኝ ግራ ገብቶኝ ቁጭ አልሁ። ያን ሁሉ ስሌት በቃልሽ ትይዢ የነበርሽ ልጅ፣ ዛሬ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ታሽጊያለሽ።

ይህን ስታነቢ ምን እንደሚሰማሽ አላውቅም። ይቅር በይኝ ብዬ ልጽፍ አስቤ ሁለት ጊዜ ሰረዝሁት፤ እሱም ሌላ ሸክም የሚጭንብሽ መሰለኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ነው ትንሽ። ከነገ ጀምሮ ሥራ ስለማልገባ ቀንም ቤት እገኛለሁ፤ ባሻሽ ሰዓት ደውዪ፤ ባትደውዪም ይገባኛል። ፈጣሪ አንቺን፣ ባልሽንና ልጅሽን ይጠብቅልኝ። እኔ የወሰድሁብሽን እርሱ ይመልስልሽ።

ዛሬ ጠዋት ኃላፊው ዘንድ ገብቼ ሁሉንም ነገርሁት። ሰምቶኝ ሲያበቃ «ጋሼ፣ ያለፈ ነገር ነው። ለልጅዎ ብቻ ይንገሯት፤ ይበቃል» አለኝ። ልቤ እሺ ሊል ምንም አልቀረው። «የምርመራውን መዝገብ ያስመጡልኝ» አልሁት። «ስህተቱ የስሌት ነው» ከሚለው መስመር ሥር፣ ስምሽ ከሰፈረበት ጎን፣ በገዛ እጄ «ስህተቱ የአናጢው ነው፤ ድጋፉን የቀየርሁትም እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍሁ፤ ፈረምሁ።

አባትሽ