የመምህር ታሪኩ በቀለ የግራ እጅ ጊታር
(1961–2017 ዓ.ም.)

መምህር ታሪኩ በቀለ ከአባታቸው ከአቶ በቀለ ጅግሶና ከእናታቸው ከወ/ሮ ብርቄ ዋቆ በ1961 ዓ.ም. በጌዴኦ፣ ኮቸሬ ወረዳ፣ ጨለለቅቱ አጠገብ ተወለዱ። ገና ማንኪያ መያዝ ሲጀምሩ እናታቸው አንድ ነገር አስተዋሉ። ልጃቸው ግራኝ ነበሩ።

በዚያ ዘመን በግራ መጉረስ ነውር፣ በግራ ዕቃ ማቀበል ስድብ ነበር። ወ/ሮ ብርቄ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ልጃቸው በሰው ፊት እንዳያፍሩባቸው ብለው በገበታ ሰዓት ግራ እጃቸውን በመቀነት ከወገባቸው ጋር ያስሩት ነበር። የቀረውን የትምህርት ቤቱ አርጩሜ ጨረሰው። ሁለተኛ ክፍልን ሲጨርሱ በቀኝ የሚጽፉ፣ በቀኝ የሚጎርሱ፣ በቀኝ የሚጨብጡ ልጅ ሆኑ፤ ቤተሰቡም ተቃኑ ብሎ ደስ አለው። ጽሕፈታቸው ግን እስከ መጨረሻው ዶሮ የጫረው ይመስል ነበር። እዚህ ያላችሁ ተማሪዎቻቸው ምስክር ናችሁ።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ለመከታተል ወደ ዲላ መጡ። ጊታር የተማሩት ያኔ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ሲሆን፣ እንደ ሰው ሁሉ በቀኝ ተማሩ፤ ጎበዝም ሆኑ። ቆይተው በኤሌክትሪክ ሙያ ሠለጠኑ። ሬኮ በተባለ መንደር በአንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ በጄኔሬተር ጠጋኝነት ካገለገሉ በኋላ፣ ዲላ ተመልሰው በሙያ ማሠልጠኛ መምህርነት እስከ ሕመማቸው ድረስ ሠሩ። ግራኝ ተማሪ ሲገጥማቸው ትንሽ ቆም ብለው ያዩትና ያልፉ ነበር። ለምን እንደሚያዩት ያወቅነው ገና ዘንድሮ ነው።

በ1988 ዓ.ም. ከወ/ሮ ዘነቡ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተጣምረው ሩሃማንና ይዲድያን ወለዱ። አባታቸው ሲሞቱ እናታቸውን ወደ ቤታቸው አምጥተው ጦሩ።

መምህር ታሪኩን ያወቀ ሁሉ የጊታር ፍቅራቸውን ያውቃል። የሬዲዮና የሞባይል ጠጋኙ አቶ ነስሩ፣ ከጎንደር መጥተው በዩኒቨርሲቲው ፊዚክስ የሚያስተምሩት መምህር እስክንድርና እሳቸው ቅዳሜ ከሰዓት ከአቶ ነስሩ ሱቅ አይጠፉም ነበር። ሁለቱ ወዳጆቻቸው በልካቸው የተሠራ ኤሌክትሪክ ጊታር ነበራቸው። ስለ አንገቱ ውፍረት፣ ድምፁን ስለሚይዘው ማግኔት የሽቦ ጥምጥም፣ ስለ ቫርኒሹ ስስነት ሲከራከሩ ይመሽና አንድ መዝሙር እንኳ ከዳር እስከ ዳር ሳይጫወቱ ይለያያሉ። ወ/ሮ ዘነቡ «ሙሽራዋን ትተው ቀሚሷን የሚያደንቁ ሚዜዎች» ይሏቸው ነበር። እውነታቸውን ነው።

በ2009 ዓ.ም. በአባታቸው ማሳ ለቡናው ጥላ ሆኖ የኖረ አንድ ዋንዛ በነፋስ ወደቀ። ጌዴኦ ዛፍ እንዲሁ አይቆርጥም፤ የወደቀውንም አያባክንም። መምህር ታሪኩ ከግንዱ ሳንቃ አስወጥተው፣ ጣሪያ ሥር አድርቀው፣ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ድረስ ይዘው ሄዱ። በትእዛዝ ጊታር ለሚሠሩት ለአቶ ገሪማም አስረከቡ። አቶ ገሪማ የእጃቸውን ስፋትና የጣታቸውን ርዝመት ለኩ፤ ጠየቁ፤ ጻፉ።

ጊታሩ በ2012 ዓ.ም. ደረሰ። ሳጥኑ ሲከፈት ወዳጆቻቸው ጎንበስ ብለው አዩት። ዋንዛው እንደ ማር ያበራ ነበር፤ አንገቱ እጅ ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል። መምህር እስክንድር አንሥተው አቀፉትና ግራ ገባቸው። ወፍራሙ ክር የሚገኘው በቀጭኑ ቦታ ነበር። ጊታሩ ለግራኝ የተሠራ ነው።

መምህር እስክንድር አቶ ገሪማን በስልክ ሊያፋጥጡ ተነሡ። መምህር ታሪኩ ሰው ይሳሳታል፣ ተዉት ብለው ከለከሉ። አቶ ነስሩ ክሩን ገልብጠው ሊያስተካክሉ ቢለምኑም አይነካም አሏቸው። ከዚያ በኋላ ዲላ ውስጥ የጊታር ወሬ በተነሣ ቁጥር ቀኝና ግራ የማይለየው ገሪማ ሲሳቅበት ኖረ። ባለቤቱ ግን ጊታሩን ቅዳሜ ቅዳሜ በለስላሳ ጨርቅ ወልውለው ወደ ሳጥኑ ይመልሱታል እንጂ አይጫወቱበትም ነበር።

እናታቸው ወ/ሮ ብርቄ በ2014 ዓ.ም. አረፉ። ከኀዘኑ በኋላ መምህር ታሪኩ ዕቃ ቤቱን ዘግተው በዚያው ጊታር መለማመድ ጀመሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጊታር የተጫወቱ ሰው እንደ ጀማሪ አንዷን መስመር ሲሰባብሯት ይሰማ ነበር። ቤተሰቡ በተበላሸ ዕቃ የሚታገሉ መስሎት አዘነላቸው። እየዋለ እያደረ ግን መስመሯ ቀናች፤ መዝሙሩም መዝሙር ሆነ። በ2017 ጥር በፍስሐ ገነት ከተማ በሚደረገው የቤተ ክርስቲያን ዓመታዊ ኮንፈረንስ ላይ በዚያ ጊታር እንደሚያገለግሉ ለመዘምራኑ ነገሩ። በሕይወታቸው ለራሳቸው ይህን ያህል የጓጉለት ነገር አልነበረም።

ኮንፈረንሱ ሳይደርስ፣ በታኅሣሥ ወር፣ ክፍል ውስጥ እያስተማሩ ሳለ ወደቁ። ስትሮክ ነበር። ግራ ጎናቸውን ሙሉ በሙሉ ያዘው።

ጠያቂ ጎረፈ። የገባው ሁሉ፣ ቄሱም ዘመዱም ጎረቤቱም፣ እጃቸውን ጨብጦ «ተመስገን ነው፣ እንኳን ቀኙ ተረፈ» ይላል። ማንም ክፉ አላሰበም፤ እንዲህ ያለው በሽተኛ የሚጽናናው በዚሁ ነው። መምህር ታሪኩ ይህን በሰሙ ቁጥር ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ወ/ሮ ዘነቡ ድካም ነው እያሉ እንግዳ ይሸኙ ነበር። አንድ ቀን ጠያቂ ከወጣ በኋላ በዚያ በተኮላተፈ አንደበታቸው ባለቤታቸውን ጠሯቸው።

«ዘነቡ፣ ገሪማ አልተሳሳተም። ግራኝ ነኝ ያልኩት እኔ ነኝ።»

እናታቸው ቤት ውስጥ እያሉ በግራ ቢጫወቱ፣ ያ ሁሉ መቀነት በከንቱ እንደነበር እንዳያውቁባቸው ፈርተው ነበር። ወ/ሮ ዘነቡ ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ለእኔም ምስጢር?»

ወ/ሮ ዘነቡ ተቆጥተዋል፤ ያንን ቁጣ ይዘው አስታመሟቸው። በነጋታው ጊታሩን አምጥተው ጭናቸው ላይ አኖሩላቸው። ቀኝ እጃቸው ክሩን ይጫናል፤ የሚመታው ግራ እጅ ግን ተኝቷል። ወ/ሮ ዘነቡ በገዛ ጣታቸው ክሩን መቱላቸው፤ ድምፁም ጥርት ብሎ ወጣ። መምህር ታሪኩ ራሳቸውን ነቀነቁና ሳጥኑ እንዲዘጋ በአገጫቸው ጠቆሙ። ዳግመኛ አምጡልኝ አላሉም።

የገሪማን ስም አጥሩልኝ ማለታቸው ግን አልቀረም። አቶ ገሪማ ዛሬ እዚህ በመካከላችን አሉ። እውነቱን እያወቁ የደንበኛቸውን ምስጢር ጠብቀው ተስቆባቸዋል፤ ቤተሰቡ በሕዝብ ፊት ይቅርታ ይጠይቃቸዋል።

መምህር ታሪኩ በሐኪምም በቤትም ሲረዱ ቆይተው ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ56 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን ወ/ሮ ዘነቡን፣ ሴት ልጃቸውን ሩሃማን፣ ወንድ ልጃቸውን ይዲድያን፣ የጨለለቅቱ ወንድምና እኅቶቻቸውን፣ ቅዳሜ የሚጠብቋቸውን ሁለት ወዳጆቻቸውንም ትተዋል።

አስከሬናቸው ሲገነዝ እንደ ደንቡ ቀኝ እጃቸው በግራው ላይ ተደርቦ ነበር። ወ/ሮ ዘነቡ ገብተው ግራውን ከላይ አደረጉት። ደንቡ አይደለም ያሉ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ አልሰሟቸውም፤ እንዲሁ ተከፈነ።

ጌታ መምህር ታሪኩን በቀኙ ያቁማቸው። ግራ እጃቸውን ግን፣ አደራ፣ ይተውላቸው።